መዶሻ ያሳመረው መኪና

የመኪና ቀጥቃጩን ሰፈሩ በሙሉ መዶሻ እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳለው የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሚያድሱለት ጸሐፊዎች ብቻ ናቸው። በእጁ የሚተማመን ሰው ነው፤ አንዳንዴ ትንሽ ቢጠራጠር ለሁላችንም ይበጀን ነበር። ሰላም እያለህ ዓይኑ ትከሻህን አልፎ የመኪናህን በር ይዳብሳል። "ይቺን ጎድጓዳ አንድ ከሰዓት ስጠኝና ማን ነበርሽ ትላታለህ" ይልሃል። እሺ ካልከው ታዲያ ጎድጓዳዋን ብቻ አቅንቶ የሚተው እንዳይመስልህ። ወንበሩን ያየዋል፣ መብራቱን ያየዋል፣ መስተዋቱን ያየዋል፤ መኪናህን ስትረከብ የጎረቤትህን ተሳስተህ የወሰድክ ይመስልሃል። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ደግነቱ ነው ልክ ያጣው።

ከሥራዎቹ ሁሉ አፉን ሞልቶ "ይሄ የኔ ነው" የሚለው የሰፈራችንን መምህር መኪና ነበር። የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ። ሚስት እንጂ አማት አይጭንም እያሉ ይቀልዱበታል። መምህሩ በወጣትነታቸው ልጆቹን ሂሳብ ሲያስጠኑለት ከነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው የገዙት። በመዶሻ አስተያየት ግን መኪናውን እንግሊዞቹ ጀመሩት እንጂ የጨረሰው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት መምህሩ አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ኀዘኑ ገና ሳይበርድ ወንድምና እህታቸው መጡና ቤቱ የአባታችን ነው፣ ወይ ድርሻችንን ስጪን ወይ ይሸጥና እንካፈል አሉ። እትዬ፣ ማለትም የመምህሩ ባለቤት፣ እዚያ ቤት በሙሽርነት ገብተው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። በጨለማ ቢሄዱ የትኛው ሳንቃ እንደሚንቋቋ ያውቃሉ። ከባላቸው የቀረላቸው የሚሸጥ ነገር መኪናው ብቻ ነበር፤ አንድ ደላላ ደግሞ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ባለገንዘብ አውቃለሁ፣ እንዲህ ዓይነቱን እንግሊዝ ካየ አይለቅም አላቸው። ሰውየው ደህና ዋጋ ከሰጠ እትዬ የባል ዘመዶችን ሸኝተው ቤታቸው ይቀራሉ፤ ካልሰጠ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

"እሑድ ጠዋት ሊያየው ይመጣል፤ አንተም ና" አሉት መዶሻን በስልክ።

"ባይጠሩኝስ እቀር ነበር እንዴ እትዬ!" አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ባይጠሩት ኖሮ ምን ያህል ሊቀየም እንደነበር አስቦ ደነገጠ።

እሑድ ዕለት ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት አወጣ። ሚስቱ አንገትጌውን እያስተካከለችለት፣ "ሰውየው ሊገዛ የሚመጣው መኪናውን ነው ወይስ አንተን?" አለችው።

"እኛ አንነጣጠልም" አለና ወጣ።

መኪናው እንዴት እጁ እንደገባ እዚህ ላይ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። ከዓመታት በፊት፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ዓመታዊ ምርመራ አያልፍም የሚል መመሪያ ወጣ። መምህሩ ተጨነቁ፤ እምቢ ቢሉ መኪናው ሊቆም ነው። የቀኙን መሪ ወደ ግራ በማዞር ደግሞ ከመዶሻ የሚስተካከል አልነበረም። "መሪውን ብቻ ነው" አሉት ቁልፉን ሲሰጡት፤ "ሌላውን እንዳለ ተወው።" ከዚያ ለወገባቸው ቀዶ ጥገና ሌላ ከተማ ሄደው እዚያው ተኝተው ከረሙ። "ብቻ" የምትባል ቃል በመዶሻ ጆሮ ገብታ አታውቅም። ጋሼ ታመው፣ ወገባቸው በቢላ ተከፍቶ፣ በዚህ ልፍስፍስ መኪና ሊሄዱ? ደንበኛ እየመለሰ፣ ከኪሱ እያወጣ፣ መኪናውን ከላይ እስከ ታች ሠራላቸው። ዋጋ አልጠየቀም፤ ስጦታ ነው። መምህሩ ተመልሰው ሲያዩት የጋራዡ በር ላይ ቆሙ፤ ቆዩ። በመጨረሻ፣ "እጅህ ይባረክ" አሉት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። መዶሻ ያን እንባ በየግብዣው ሲተርከው ኖሯል።

ሰብሳቢው የመጣው መዶሻ መኪናውን በጨርቅ ወልውሎ ሳይጨርስ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የሰው ግቢ ሲገባ ጫማውን ሁለቴ የሚጠርግ ዓይነት። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከኋላው ይከተላል። ሰብሳቢው መኪናውን ሲያይ ከበሩ ላይ ቀጥ አለ።

"ይሄ ነው?"

"እሱ ነው!" አለ መዶሻ፣ እትዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ። "ግባ ልጄ፣ አይናከስም።"

ሰብሳቢው ፈገግ ለማለት ሞከረ። አንዴ ዞረውና መዳፉን ጣሪያው ላይ አሳረፈ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

"ጣሪያው ሸራ አልነበረም ጋሼ?"

"ነበራ! የሚታጠፍ ሸራ። ስታጥፈው ፀሐይ፣ ስትዘረጋው ዝናብ። ቆርጬ ጣልኩትና ይህን ላሜራ ዙሪያውን በየድኩት። አሁን ጠብታ አታልፍም። ሲዘንብ ውስጡ ብትቀመጥ ቤትህ ያለህ ነው የሚመስልህ።"

"ጥሩ ነው" አለ ሰብሳቢው። "ቀለሙስ ዱሮም ቀይ ነው?"

"ምን ቀይ! የነጣ አረንጓዴ ነበር እንጂ፣ ሆዱን የታመመ ሰው ፊት የመሰለ። እስከ ብረቱ ፍቄ ነው የቀባሁት። የድሮውን ቀለም በአጉሊ መነጽር ብትፈልግ አታገኛትም።"

"አንዲትም?"

"አንዲትም!"

ሰብሳቢው ኮፈኑ ላይ ያለውን ጉብታ እያየ ዝም አለ። መዶሻ ደግሞ ዝምታ ሲያይ አድናቆት ነው የሚመስለው። ኮፈኑን ከፈተለት። ይህን ጉብታ ካለ አንዲት ብየዳ በእጁ ቀጥቅጦ ያወጣው አዲሱ ሞተር ቁመቱ ረዘም ስላለ መሆኑን ነገረው። የድሮው ሞተር ሁለት ካርቡራተር ነበረው፤ አንደኛውን ሲያባብሉት ሌላኛው የሚያኮርፍ፣ ሁለት ሚስት እንዳገባ ሰው ቤት። በሱ ፋንታ የገባው የታክሲ ሞተር ግን ከመንገድ ሳይወርድ ሦስት ታክሲ የቀበረ ነው። መሪው ፊት ያለው ክሩስኮትም እንጨት ነበር፣ ተነቅሎ በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ ላሜራ ገባለት፤ መኪና ውስጥ የቡፌ እንጨት ምን ይሠራል? ቸርኬውም እንደ ብስክሌት ሽቦ የበዛበት ነበር፤ የጭነት መኪና ቸርኬ ታሰረለት። ሰብሳቢው በያንዳንዱ ነገር ራሱን ይነቀንቃል፤ እትዬ በረንዳው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ደላላው ስልኩን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት ማየት ጀምሯል።

"እነዚህ ሁሉ ከላይ ያሉ ናቸው" አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። ኮቱን አውልቆ፣ ባትሪ ይዞ፣ የመኪናውን አካል የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ ሊያይ ከሥሩ በጀርባው ገባ። እዚያ ቆይቶ አቧራ ለብሶ ሲወጣ ፊቱ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። "ሻንሲው ደህና ነው። ሻንሲው ከዳነ…"

"ደህና አልክ?" መዶሻ ሳቁ መጣ። ይህን ነበር ሲጠብቅ የቆየው። "ፈልገህ አጣኸው አይደል? ሞተሩ ሲገባ ጠበበኝ። ከመካከል ቆረጥኩት፣ በወፍራም ላሜራ ቀጠልኩት፣ በጥቁር ካትራሜ ለቀለቅኩት። መቀጠሉን ያየ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እስኪ ተመልሰህ ግባና አግኘው!"

ሰብሳቢው ተመልሶ አልገባም። "እውነትም አልታየኝም" አለ። "ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር።"

"ሰሙ እትዬ?"

"ሰማሁ" አሉ እትዬ። "ጎበዝ ነው እኮ፤ ሻይ ልቅዳላችሁ።"

ሻዩ ተጠጥቶ፣ ሰብሳቢው አስቤ እደውላለሁ ብሎ ሲወጣ መዶሻ እስከ መኪናው ሸኘው። ክንዱን ያዝ አደረገና፣ "ልጄ፣ እትዬ ላይ እንዳትጨክን አደራ። ቤታቸውን ለማዳን ነው የሚሸጡት። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ሌላ ቦታ አታገኝም" አለው።

ሰውየው ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። ይሉኝታ እንደያዘው ያስታውቃል።

"ጋሼ፣ ባልነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር" አለ። "እነዚህን መኪኖች ሰው የሚፈልጋቸው ከፋብሪካ እንደወጡ ሲሆኑ ነው። ያ የነጣ አረንጓዴ፣ ያ ሸራ፣ ያ የሚያኮርፍ ሞተር፣ ዋጋ የሚባለው እሱ ነው። ማንም ሳይነካው እዚህ ግቢ ቆሞ ዝጎ ቢሆን ኖሮ እትዬ ቤታቸውን የሚነካባቸው አልነበረም።"

"ቢዝግ?" አለ መዶሻ። "ቢዝግ ይሻል ነበር ነው የምትለኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጣሪያውን እነቅልልሃለሁ። ዛሬውኑ። ቀለሙንም…"

"ጣሪያው ይነቀላል፣ ቀለሙም ይቀባል። ሞተርም ከውጭ ፈልጌ አስመጣለሁ። የተቆረጠ ሻንሲ ግን ማንም አይመልሰውም። ዋጋ ላቀርብ የነበረው ሻንሲው አልተነካም ብዬ ነው።" ሰውየው በሩን ከፍቶ ገባ፤ ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እጅዎ ግን እውነትም ጎበዝ ነው" አለው። ለማጽናናት ነው። ቢሰድበው ከሚያቆስለው የባሰ አቆሰለው።

መዶሻ መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ። ፊቱ ጋለ፣ ጆሮው ነደደ፣ ኮቱ ብብቱ ሥር ያዘው። ተመልሶ ግቢ እንዳይገባ እትዬን በምን ዓይኑ ይያቸው? "እስኪ አግኘው" ያለው ድምፅ ጆሮው ላይ ይጮኻል፤ የሱ ድምፅ ነው፣ የጉረኛ ድምፅ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። አልዋጠችውም፤ ስለዚህ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወሬው ቀድሞት ሰፈር ደርሷል። ጎሚስታው ጎማ እየነፋ፣ "መዶሻ! የሠራኸውን መኪና ባለሀብት ሻሞ ሊልበት መጣ አሉ!" ብሎ ጮኸ። ባለሱቋ ከመስኮቷ አጎንብሳ አጨበጨበችለት። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ እጁን ጨብጠው፣ "አገር ያኮራ እጅ" አሉት። እሱ "ኧረ ተዉ፣ ኧረ ምን ሠራሁ" ይላል፤ እነሱ ባሰባቸው። እያንዳንዱ ምርቃት በላዩ ላይ እንደሚደፋ የእጣቢ ውኃ ነበር። ቤቱ ሲገባ ከነኮቱ አልጋው ላይ ተጋደመ።

"ምነው?" አለችው ሚስቱ።

"ሆዴን።"

"ሆድህን ስትታመም ጣሪያ አታይም ነበር" አለች፤ ግን አልጎተጎተችውም።

በማግስቱ ጋራዡ ሄዶ ሥራ ሊይዝ አልቻለም። አንዲት ነርስ ለበር እጀታ ብላ ያመጣቻት ትንሽ መኪና ፊቱ ቆማለች። ወንበሯ ያረጀ ነው፤ ከትናንት በፊት ቢሆን ገና ሳትጠይቀው አውልቆት ነበር። አሁን ወንበሩን ሲያይ ሴትየዋ ጎኗን አስደግፋ የለመደችው ወንበር ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ መጣበት። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አስቦ አያውቅም። ከዚያ የሠራላቸው ሰዎች ሁሉ ፊት እየተራ ይመጣበት ጀመር፦ ያ መብራቱን የቀየረለት ነጋዴ፣ ያ ባለ አሮጌ ፒክአፕ፣ ያቺ በሯን ቢጫ የቀባላት አስተማሪ። ሁሉም አመስግነውት ነበር። ስንቶቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሆን ያመሰገኑት? እጀታውን ብቻ ሠርቶ መኪናዋን አስረከበ። ነርሷ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ "ዛሬ አሞህ ነው እንዴ?" አለችው።

ከሰዓት በኋላ እንደምንም ራሱን ገፋፍቶ እትዬ ቤት ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ አንደኛው አፉ ተከፍቶ የመምህሩ መጻሕፍት ይታዩበታል።

"እትዬ፣ መኪናውን አበላሽቼዋለሁ" አለ ቆሞ። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም። "ሰውየው ነገረኝ። የኔ ሥራ ነው ዋጋውን የገደለው። ሻንሲውንም በገዛ አፌ…"

"ተው እንግዲህ!" አሉ እትዬ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። "የነጋዴ ወሬ ሰምተህ ነው? ዋጋ ለመስበር የማይሉት የላቸውም። መምህር እንዴት ይወደው እንደነበር አንተ አታውቅም?"

"ዋጋውን ደውሎ ነገረዎት እትዬ? ለቤቱ ይበቃል?"

"ደህና ነው፣ ተመስገን።"

"ታዲያ ካርቶኑ ምንድን ነው?"

እትዬ ካርቶኖቹን አሁን ያዩዋቸው ይመስል ዞር ብለው አዩ። "አቧራ ላራግፍ ነው" አሉ። እሳቸው ሲዋሹ አንገታቸው ላይ ያለችው የደም ሥር ትገተራለች፤ ተገትራ ነበር። መዶሻ ያቺን ሥር አይቶ ሊጠይቅ የመጣውን ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ። እንዴት ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ፣ የተበደለው ሰው አልተበደልኩም እያለ?

ሳምንቱ ሳያልቅ መኪናው ተሸጠ። ሰብሳቢው የጭነት መኪና ልኮ ሲያስጭነው ሰፈርተኛው ሊያይ ወጣ፤ መዶሻም ቢቀር ይነጋገሩበታልና ከሰው ኋላ ቆመ። ቀዩ መኪና በገመድ እየተጎተተ ሲወጣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ደላላው ሲጋራውን እያጨሰ ወደ መዶሻ ጠጋ አለ።

"ሴትዮዋ ግን ይገርሙሃል" አለው። "ከመጀመሪያው መክሬያቸው ነበር። ያ መዶሻ የምትሉት ሰውዬ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ አፉን ከከፈተ ገበያው ያልቃል ብዬ። እሳቸው ደግሞ፣ የመምህር መኪና እሱ ሳይኖር ተሸጦ ምን ይለኛል፣ ደግሞስ ሰው ቢጠይቀኝ ደብቄ አልሸጥም አሉ። ይኸው፣ ቤታቸው ሄደ።"

"ሁሉም?"

"ኧረ ምን ይተርፋል! ድርሻቸውን ይዘው ሊከራዩ ነው።" ደላላው ማን እያናገረ እንደሆነ ዘግይቶ ትዝ አለውና ሳል ሳል አለው። "እኔ እንግዲህ ለሥራ ብዬ ነው፣ እንዳትቀየም።"

መዶሻ አልተቀየመም። መቀየም ለሱ የማይገባው ቅንጦት ነበር። ያኔ ስልኩ ላይ ባይጠሩኝ እቀየም ነበር ብሎ ማሰቡ ነው ውስጡን የበላው፤ አንዲት ባልቴት የሱን ኩርፊያ ፈርተው ዋጋውን በቤታቸው ከፍለዋል። እሱ ደግሞ ያን ዕለት የሠርግ ኮት ለብሶ ነበር። በሰው መካከል ቆሞ እንባው መጣ፤ አጠገቡ የነበረችው ባለሱቋ፣ "አይዞህ፣ ልጅ እንደመዳር ነው" ብላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

እትዬ የተከራዩት ሁለት ክፍል ነው፤ በአንድ ግቢ ጀርባ፣ አከራዮቹ ፊት ለፊት ይኖራሉ። በሚገቡበት ቀን መዶሻ ፒክአፕ ተውሶ ዕቃቸውን አመላለሰላቸው። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባ ሲል፣ የበሩን ጉበን ልቁረጠው ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ፈታቶ አስገባው፣ መልሶ ገጠመው፣ እንደነበረ አድርጎ። አልጋውን የት ላድርገው ብሎ ጠየቀ፤ እትዬ ባሉት ቦታ አደረገው።

ሲጨርስ አከራይዋ ሻይ ይዛ መጣች። ቀልጠፍ ያለች ወሬ ወዳድ ሴት ናት።

"ወንድምዎ ነው?" አለች።

"እንደ ወንድሜ ነው" አሉ እትዬ። "የባለቤቴን መኪና እንዳለ የሠራው እሱ ነው።"

"ያ ሀብታም የገዛውን? ዝናው እዚህም ደርሷል እኮ!"

"አልሠራሁትም" አለ መዶሻ። "አበላሽቼዋለሁ። እትዬ ከቤታቸው የወጡት በኔ ነው።"

አከራይዋ ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። "አቤት ትሕትና! ባለሙያ ሰው እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የማይችለው ነው የሚፎክር። ባሌ ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ፔጆ አለችው፣ እንዳንተ ያለ ሰው አጥቶ ከጓሮ ቆማለች። ነገ ትወስድልናለህ።"

"አልነካትም እመቤት። አበላሻታለሁ።"

"ኧረ ተው! እንደፈለግክ አድርገህ ሥራት፣ እኛ እናምንሃለን…"

መዶሻ እትዬን አያቸው። ሌላ ምን እንደሚል አላወቀም። የሚያውቀውን እውነት ሁሉ ተናግሮ፣ ሁሉም ምስጋና ሆኖ እየተመለሰበት ነው። እትዬ የሻይ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እውነቱን ነው" አሉ።

አከራይዋ ፈገግታዋን እንደያዘች ቀረች።

"አበላሽቶታል" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፤ አንገታቸው ላይ ያለችው ሥር አልተገተረችም። "ባሌ መሪውን ብቻ ነበር ያለው። ተሠርቶ ያየው ቀን ቤት ገብቶ አልበላም። ያ የጭነት ቸርኬ እያነጠረ ወገቡን ይገድለው ነበርና ለራሱ ጉዳይ በታክሲ ነው ሲሄድ የኖረው። መኪናዋን የሚያስነሳት በዚህ ሰው ጋራዥ በር ለማለፍ ብቻ ነበር፤ አይቶ ደስ እንዲለው። አልፎ፣ ጥሩንባ ነፍቶ፣ ዞሮ ቤቱ ይመለሳል። ማታ ወገቡን የማሸው እኔ ነኝ።" ወደ መዶሻ ዞሩ። "ንገረው ስለው፣ ያፍራል ይለኝ ነበር። እኔም እንዳታፍር ብዬ ያን ዕለት ዋሸሁህ። አሁን ግን እሷም መኪናቸውን ልትሰጥህ ነው።"

መዶሻ አንገቱን ደፋ። መምህሩ በየሳምንቱ በበሩ ሲያልፉ ብድግ ብሎ፣ መዶሻውን ወደ ላይ እያነሳ ሰላም ሲላቸው፣ በመንገደኛው ፊት ሲኮራ፣ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ሲስቁለት ታየው። ያን ሁሉ ዓመት። ደሙ ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጆቹን ሳይቀር አጋለው፤ እጆቹን የት እንደሚያስገባቸው አጥቶ ጉልበቱ ሥር ደበቃቸው። ተነስቶ መውጣት ፈለገ። ግን ከሚወዱት ሰዎች ሁሉ እውነቱን የነገረው ሰው ቢኖር እኚህ ሴት ብቻ ናቸው፤ ጥሎ መሄድ ደግሞ ሌላ ነውር መሰለው።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አለ።

"ቤቴን አጥቻለሁ" አሉ እትዬ። "ገና ነው። ስችል እነግርሃለሁ።"

"እሺ" አለ፤ ቁጭ እንዳለም ቆየ።